ውጭ የማያድር መሣሪያ

እናቴ የማስተርስ ጥናቴ ስለ ምን እንደሆነ በጠየቀችኝ ቁጥር የተለያየ መልስ ሰጥቻታለሁ። መጀመሪያ «ስለ ኤሌክትሪክ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ ወደ እኔ ያይ ጀመር። ቀጥዬ «ስለ ቁጠባ» አልኳት፤ ደስ አላት፤ ግን የቆጠብኩትን ነገር ልታየው ፈለገች። በመጨረሻ እውነቱን ነገርኳት።

«የማጠናው እንቅልፍ ነው። አንድ ትንሽ መሣሪያ ብዙ ተኝቶ፣ ጥቂት ነቅቶ፣ ሥራውን እንዴት መሥራት እንደሚችል።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ እስከ ሦስት ሰዓት የምትተኚው» አለችኝ።

አብረውኝ የሚማሩት ሁሉ ትልልቅ ነገር ነበር የመረጡት። አንዱ ግድብ፣ አንዱ ከፍተኛ መሥመር፣ አንዱ ጣሪያ የሚያክል የፀሐይ ሰሌዳ። እኔ የመረጥኩት የክብሪት ቀፎ የሚያክል ሳጥን ነው። ምክንያቴን በጽሑፍ ሳቀርብ በጣም የተራቀቀ አስመስዬዋለሁ፤ እውነቱ ግን ላብራቶሪያችን ውስጥ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ የእኔ ተራ ሲደርስ ስለነበር ነው። ኤሌክትሪክ የማይለምን ነገር መሥራት አማረኝ።

የመሣሪያው ሥራ ጎተራ መጠበቅ ነው። ነቀዝ የገባበት እህል ከውስጥ ይሞቃል። ገበሬ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ያውቀዋል፤ ሲያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል። የእኔ መሣሪያ በገመድ ታስሮ እህሉ መሐል ይቀመጥና በየሩብ ሰዓቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይነቃል፤ ሙቀቱን ይለካል፤ ተመልሶ ይተኛል። ሳንቲም የምታክል አንዲት ባትሪ አለችው። በአንድ ባትሪ አንድ ዓመት ይሠራል የሚለው ቃል በጥናቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቁ ተጽፏል። ስጽፈው ደፋር ነበርኩ።

አስቸጋሪው ሜሞሪው ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ፈጣን ነው፣ ብዙም አይበላም፤ ባትሪው ከተነቀለ ግን ሁሉን ይረሳል። ሌላው ባትሪው ቢነቀልም አይረሳም፤ ነገር ግን አንዲት ቁጥር በጻፈ ቁጥር መሣሪያው ሲተኛ የቆጠበውን ጉልበት ያወጣበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጨነቅሁት ምን ይጻፍ፣ ምን ይታለፍ በሚለው ነው። በመጨረሻ ያወጣሁለት ደንብ አጭር ነው፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ አትጻፍ። እህል መሐል ሙቀት በጣም በዝግታ ስለሚለወጥ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጽፍ ነው አልኩ። የሚናገረው ከሌለው ዝም የሚል መሣሪያ። ማራኪ ሰፈር አብራኝ ክፍል የተከራየችው ልጅ ይህን ስነግራት «ማን እንደወለደው ያስታውቃል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ለዚህም ነው ያቺን ትንሿን ላብራቶሪ የፈለግኳት። ጥናቴን ካለፍኩ ቁልፏ ለእኔ እንደሚሰጥ አማካሪዬ ቃል ገብቶልኛል። አንዲት ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል፣ ሁለት መደርደሪያ ዕቃ፣ በቀን ቢበዛ አራት አምስት ተማሪ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት መቆም የለም። ግን እዚያ ለመግባት መጀመሪያ ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሜ መናገር ነበረብኝ።

ባትሪዎቹን የምገዛው ፒያሳ ሰዓት ከሚጠግኑ አንድ ሐጂ ነበር። አባታቸውም በዚያው ሱቅ የነገዱ ናቸው። አጉሊ መነጽራቸውን ከአንድ ዓይናቸው ሳያወልቁ በሌላኛው ያዩኛል።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ባትሪ ምን ታደርጊዋለሽ? ሰዓት ቤት ልትከፍቺብኝ ነው?»

«አይ ሐጂ፣ ለጥናት ነው።»

«ባትሪ ምን ይጠናል?»

አስረዳኋቸው። ድምፄ ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ «እህ?» አሉኝ። በሦስተኛው ሲገባቸው ሳቁና ከግድግዳው አንድ ሰዓት አወረዱ።

«ይቺን የሰኮንድ ቆጣሪ ታያታለሽ? ከሁሉም በላይ የምትሮጠው፣ ከሁሉም በላይ የምትበላው እሷ ናት። እኔ ሱቅ የምዘጋው በእሷ ነው? የምሰግደው በእሷ ነው? ነቅለሽ ብታወጫት ባትሪው ዕድሜ ያገኛል። ደንበኛው ግን ምንም ሲንቀሳቀስ ካላየ ሞቷል ብሎ መልሶ ያመጣልኛል።»

በማግስቱ ላብራቶሪ ገብቼ፣ መሣሪያዬ በነቃ ቁጥር ብልጭ የምትለዋን ቀይ መብራት ነቀልኳት። የባትሪው ፍጆታ ደህና አድርጎ ወረደ። በጣም ኮራሁ። የሐጂን ንግግር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እንደሰማሁ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በጥምቀት ሰሞን መሣሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። እዚያ የእናቴ ታላቅ ወንድም አለ። እናቴ «አያ» ስለምትለው እኛም ልጆቿ አያ ነው የምንለው። ሚስቱን ደግሞ እታለም እንላታለን። ግቢያቸው ውስጥ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ማሽላ የሞላው ትልቅ ጎተራ ቆሟል።

አያ መሣሪያውን መዳፉ ላይ አገላበጠው፤ ከዚያ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«አይመታም» አለ።

«አይመታም፣ አያ። ተኝቷል።»

«ምነው፣ ታሟል?»

«አይ፣ ሥራው ነው። ይተኛል፣ አንዳንዴ ይነቃል።»

«ሸጋ ሥራ ነው። ለእኔም ፈልጊልኝ።»

እታለም ከኋላው አንገቷን አስግጋ አየችው። «መብራት እንኳ የለው? የእሱ አሮጌ ስልክ እንኳ መብራት አለው።»

ጎተራው ላይ ወጥቼ እህሉ መሐል ቀበርኩትና የገመዱን ጫፍ ከክዳኑ ሥር አሰርኩ። አሁን መናገር ያለብኝ ሦስት ነገር ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። አታውጡት፤ አትነካኩት፤ እስክመጣ እዚያው ይቆይ። ግን የእናቴን ታላቅ ወንድም በገዛ ግቢው «አትንካ» ማለት እንዴት ይቻላል? ጎረቤትም ተሰብስቦ ነበር። አንዷ ሴትዮ «ቦምብ ነው እንዴ?» እያለች ነው። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠቀለልኳቸው።

«አደራ፣ አያ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ቀና ብሎ ቆመ። ነገሩን ከቁም ነገር መቁጠሩን አይቼ ደስ አለኝና ደገምኩለት፤ «አደራ!» ሦስተኛውን በሚኒባሱ መስኮት ነው ያልኩት። «ተቀብያለሁ!» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ልወስደው ስመለስ አያ ቤት ገብቶ፣ ከእንጨት ሳጥን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። መሣሪያዬ ነው። የምመጣ መሆኔን ሰምቶ አስቀድሞ ያወጣልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት።

ላብራቶሪ ገብቼ ሜሞሪውን ከኮምፒዩተር ጋር ሳገናኘው የመጋዝ ጥርስ የመሰለ የሙቀት ሥዕል መጣ። ጸጥ ያለ፣ ጠፍጣፋ መሥመር ስጠብቅ፣ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚዘል፣ ሌሊቱን የሚወርድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንደገና የሚዘል ሙቀት። በየቀኑ ማለት ይቻላል። ለዓመት ይበቃል ያልኩት ሜሞሪ ግንቦት አጋማሽ ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ቆሟል። ባትሪው ሊያልቅ ምንም አልቀረው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይናገራል ያልኩት ዝምተኛ መሣሪያ አራት ወር ሙሉ ሲለፈልፍ ከርሟል።

ከሁሉም የገረመኝ ጥር መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ለሁለት ቀን ተኩል ያህል ጥርሶቹ ጠፍተው፣ በምትካቸው ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ገደማ ላይ አንድ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው ላይ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ።

አማካሪዬ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሥዕሉን ብዙ አየው። በቀይ እስክሪብቶው የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ መታ አደረገ።

«ወይ መሣሪያሽ አብዷል፣ ወይ ጎተራው ይራመዳል።»

«ጎተራው አይራመድም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው አብዷል። በአንድ ባትሪ አንድ ዓመት ብለሽ ጽፈሻል፤ ይሄ አምስት ወር አይሞላም። ይሄን ይዘሽ ፈታኞች ፊት ብትቀርቢ ይጥሉሻል። ምክንያቱን ፈልጊ።»

መሣሪያውን አዲስ ባትሪ አስገብቼ ለአንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለት ጊዜ ብቻ ጻፈ። ጤነኛ ነው። የታመመው ጎተራው ነው ማለት ነው።

አያ ስልኩን የሚከፍተው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ። በዘመዶቼ ውስጥ ይህን ሙያ ከእኔ በፊት የጀመረው እሱ ነው። የገበያውን ቀን ጠብቄ ደወልኩ።

«አያ፣ መሣሪያውን ከጎተራው ያወጣው ሰው ነበር?»

«ማን ያወጣዋል? እኔ እያለሁ!»

«ማንም አልነካውም?»

«ከእኔ በቀር ማንም!»

«አንተ... አውጥተኸው ነበር?»

«ታዲያ ማን ያውጣው? ማታ ላሞቹን ሳስገባ አወጣዋለሁ፤ ጠዋት ሳወጣቸው እመልሰዋለሁ።»

«ምነው አያ?»

«ምነው ትለኛለች እንዴ! የአደራ ዕቃ ውጭ ያድራል? ሦስቴ አደራ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነው የሚያድረው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው!»

ከኋላው የእታለም ድምፅ መጣ። «የክት ቀሚሴን አውጥቶ ነው እሱን ያስገባው በላት!»

እያፈርኩ ቀጠልኩ። «ጥር መጨረሻ ላይስ፣ አያ? ሁለት ቀን ተኩል ያህል...»

«ጥር መጨረሻ...» ትንሽ አሰበ። «አዘዞ ሠርግ ነበርና! የእታለም ወንድም ልጁን ሲድር።»

«መሣሪያውስ?»

«ባዶ ቤት ጥየው ልሂድ? በጉያዬ ይዤው ሄድኩ እንጂ። ሸጋ ሠርግ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥዕሉ ተመለስኩ። ሠላሳ ሦስት ዲግሪ የአያ ጉያ ነው። ሁለቱ ጉብታዎች እስክስታ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለስንት ሰዓት እንደቆዩ ሳሰላ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ጠላው በዚያን ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል።

ለአማካሪዬ ስነግረው እስክሪብቶውን አፉ ላይ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲመለስ ግን ፊቱ እንደ ወትሮው ነው።

«ምክንያቱን አግኝተሻል። መፍትሔው ይቀራል። ሂጂና እንዳያወጣው ንገሪው። ሁለት ሳምንት ለክተሽ ተመለሺ። ከሐምሌ መጀመሪያ በላይ ላቆይልሽ አልችልም፤ ከዚያ ካለፈ ቁልፉም ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ስለዚህ በሰኔ ዝናብ ትክል ድንጋይ ተመለስኩ። ደብተሬ ላይ ያው ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። በዚህ ጊዜ ደግሞ «አደራ» የሚለውን ቃል ላለመናገር ለራሴ ምያለሁ። መሣሪያውን ቀበርኩ፣ ገመዱን አሰርኩ፣ እጄን አራገፍኩ።

«እንግዲህ ልሂድ፣ አያ።»

«እሺ።» አልተንቀሳቀሰም። «ሌላ የምትይው የለም?»

«ምን ልበል?»

«አደራ አትይም?»

ሁሉንም ድፍረቴን ሰብስቤ «አያ፣ ውጭ ቢያድር ምንም አይሆንም» አልኩ።

የሳጥኑን ቁልፍ ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ፣ ከአንገቱ ሳያወልቅ በመዳፉ ያዘው።

«ሰው ነገር ነገረሽ?» አለኝ። «አንድ ቀን ሳላስገባው አድሯል? ዝናብ ነክቶታል?»

«አልነካውም!»

እታለም በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። «ሰውየው ምን አጠፋ ልጄ?» አለች።

ፊቱን አየሁት። ያጠናኋቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ባትሪው እንደተነቀለ ሜሞሪ ጥርግ ብለው ጠፉ።

«አደራ፣ አያ» አልኩ።

«ይኸው፣ አሁን ሰው መሰልሽ» አለና ቁልፉን ወደ ደረቱ መለሰው።

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ፣ ዝናቡ በመስታወቱ ጎማ ክፍተት ትከሻዬን እያራሰኝ፣ ያቺን ላብራቶሪ ተሰናበትኳት። ጠረጴዛዋን፣ መደርደሪያዎቿን፣ መስኮቷን። ከዚያ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ የአያን ቀን ሰዓት በሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያስገባዋል። ማታ አሥራ ሁለት ላይ ያወጣዋል። መሐሉ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። መሣሪያው ጠዋት ከቤት ሲመጣ ሙቀቱ የቤት ነው፤ ቀስ በቀስ ግን የእህሉን ይይዛል። አሥር ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ይዞታል። ነቀዝ ደግሞ እህልን በሩብ ሰዓት ውስጥ አያሞቅም፤ ሳምንታት ነው የሚፈጅበት።

ታዲያ በየሩብ ሰዓቱ ለምን ይነቃል?

አማካሪዬ ይህንኑ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ «መጻሕፍቱ እንደዚያ ስለሚሉ» ብዬ ነበር። ለመሣሪያው ዝም ማለትን አስተምሬዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ለምን እንደሚነቃ ግን ጠይቄው አላውቅም። በቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። አሥር ሰዓት ላይ፣ ላሞቹ ሳይገቡ። ከዚያ ወዲያ አያ ወደ ሳጥን ያስገባው፣ ይቆልፍበት፣ ተኝቷል፤ አያውቅም፤ አይጽፍም።

«ወራጅ!» አልኩ።

የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ሾፌሩም ደነገጠ። «እዚህ ምን አለ እህቴ? ጭቃ ነው እኮ!»

«ወራጅ አለ» አልኩ፣ ዝግ ብዬ።

ጭቃውን እየቦካሁ ስመለስ አያ ጎተራው አጠገብ ነበር። መሣሪያውን ራሴ አወጣሁት። መደቡ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና ጥያቄ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠይቄ አላውቅም።

«ላሞቹን ስንት ሰዓት ነው የምታስገባቸው?»

«አሥራ ሁለት ሳይሞላ።»

«በበዓልስ?»

«ላም በዓል ታውቃለች?»

«ዝናብ ከሆነስ?»

«ከዝናብ በፊት። አሥራ አንድም ሊሆን ይችላል።»

«አሥር ሰዓት ላይ አውጥተኸው ታውቃለህ?»

«ለምን አወጣዋለሁ? በቀን ማን ይሰርቀዋል!»

«ሠርግ ከሄድክስ?»

«ይዤው እሄዳለሁ።»

ለሠርጉ ደንብ ማውጣት አልቻልኩም፤ ተውኩት። የቀረውን ግን እታለም ቆሎ ቆልታ እስክታመጣ ጨረስኩ። የመሣሪያው ፕሮግራም ላይ ጥቂት መሥመር ጨመርኩ፤ ብዙ መሥመር ሰረዝኩ። አያ መሣሪያውን ተቀብሎኝ ጆሮው ላይ ለጠፈው። «አሁንም አይመታም» አለ፤ እየለመደው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው መሥመር ጠፍጣፋ ነበር። ባትሪው የተነካ አይመስልም። ስሌቱን ስሠራው አንድ ዓመቱን አልፎ ሄደ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መሐል የተቀመጡት፣ ከሌላ ከተማ የመጡት፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ጥናቴን ገለበጡ።

«በቀን አንድ ጊዜ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይላል። ለምን አሥር ሰዓት?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ስለ ሙቀት መተላለፍ የሚያወራ ገጽ ተኩል። እሱም እውነት ነው። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«አያ ላሞቹን የሚያስገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው።»

አማካሪዬ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ሳጥኑን ነገርኳቸው፣ የክት ቀሚሱን ነገርኳቸው፣ አዘዞን ነገርኳቸው። የድሮው ሥዕል ግድግዳው ላይ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። አንደኛው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ተጠጉና ጉብታውን በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ እስክስታ ነው?»

«አላውቅም፤ ለካሁት እንጂ አላየሁትም» አልኩ።

ሲስቁ የአዳራሹ በር ተከፍቶ ምን ሆነ ብለው የሚያዩ ሰዎች ገቡ። አለፍኩ። እንዳስተካክል የታዘዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያው ሌሊቱን የት እንደሚያድር በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ በግልጽ ይጻፍ ተባለ።

በገበያ ቀን ደወልኩ።

«አለፍኩ፣ አያ! የላብራቶሪውን ቁልፍ ሰጡኝ!»

«ሸጋ! እልል በይ እታለም!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁልፉን የት አደረግሽው?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ኪስ ይቀደዳል። አንገትሽ ላይ እሰሪው።»

መሳቢያዬ ውስጥ ከጎተራው ገመድ የተረፈ ቁራጭ ነበር። በእሱ አሰርኩት።